በመርካቶ ዙሪያ የእናቶችና ሕፃናት የሥርዓተ ምግብ ድጋፍ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩት

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ በአገሪቱ ትልቁ ገበያ መሆኑ ይታወቃል። በእህል በረንዳ፣ በበርበሬ በረንዳና በሌሎችም ተራዎቹ የሚራገፈው እህል፣ ጥራጥሬና ቅመማ ቅመም ከመዲናዋ አልፎ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ይጫናል። ይሁንና ከእነዚሁ መጋዘኖች ጀርባ ባሉ የተጨናነቁ መንደሮች የሚኖሩ በርካታ እናቶች በጉሊት ንግድ፣ በእህል ለቀማና አበጠራ፣ በልብስ አጠባ፣ እንጀራ በመጋገርና ያገለገሉ ዕቃዎችን ሰብስቦ በመሸጥ የዕለት ጉርሳቸውን የሚሸፍኑ ናቸው። ምግቡ በአቅራቢያቸው መኖሩ ለልጆቻቸው ደርሷል ማለት አይደለም።

መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የዘረጋቸው ድጋፎች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ እያንዳንዱ ድጋፍ የራሱ የዕድሜ ወሰን፣ የመኖሪያ ማረጋገጫና የጊዜ ገደብ ያለው ሲሆን፣ ወሰኖቹ እርስ በርስ የማይገናኙበት ቦታ መኖሩ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚገኙት ደግሞ በአብዛኛው ነፍሰ ጡሮች፣ አጥቢ እናቶችና አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

አንድ ሺህ ቀናት

የሥርዓተ ምግብ ባለሙያዎች ከፅንስ ጀምሮ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያለውን ጊዜ «የመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ቀናት» ይሉታል። በዚህ ጊዜ የሚደርስ የምግብ እጥረት በሕፃኑ ቁመትና በአእምሮው ዕድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በኋላ በሚሰጥ ምግብ ሙሉ በሙሉ ሊካካስ እንደማይችል በስፋት የተረጋገጠ ነው። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ እንዲያገኝ የጤና ሚኒስቴርም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራሉ።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሚገኙ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት እንደሌላቸው አመልክቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ ጥናት አኃዙ 37 በመቶ ነበር። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ለዕድሜያቸው አነስተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት ደግሞ በ2008ቱ ጥናት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በዚሁ ጥናት የአዲስ አበባ የመቀንጨር መጠን 15 በመቶ ገደማ በመሆኑ ከተማዋ ከክልሎች ሁሉ የተሻለች ሆና ትታያለች። አኃዙ ትክክል ነው፤ ለዕቅድ አውጪ ግን አሳሳች ሊሆን ይችላል። ጥናቱ የተነደፈው ክልሎችንና የከተማ አስተዳደሮችን ለማነፃፀር እንጂ አንዱን ክፍለ ከተማ ከሌላው ለመለየት አይደለም። የቦሌ አዳዲስ መንደሮችና የመርካቶ ዙሪያ ጠባብ ቤቶች በአንድ አማካይ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። ድጋፍ የሚደለደለው በአማካዩ ሲሆን የከተማዋ ድሃ ሕፃን ከዕይታ ይሰወራል።

ከገጠር የጀመረው ድጋፍ

የምግብ ድጋፍ ሥርዓቱ በታሪኩ የተገነባው ድርቅን ታሳቢ አድርጎ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ ዋስትናቸው ባልተረጋገጠ የገጠር ወረዳዎች ላይ ያተኮረ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በጤና ሚኒስቴር፣ በዩኒሴፍና በዓለም ምግብ ፕሮግራም ትብብር የተጀመረው ሕፃናትን የመለየትና ለተጎዱት ተጨማሪ ምግብ የማደል ሥራም ለድርቅ ተጋላጭ የሆኑ ወረዳዎችን መሠረት አድርጓል። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግም የመጀመሪያ ምዕራፉ ትኩረት የተከዜ ተፋሰስ አካባቢ ነበር። ቅድሚያ የተሰጣቸው አካባቢዎች ችግሩ የጸናባቸው በመሆናቸው ውሳኔው ምክንያታዊ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና የከተማ ድህነት በዝናብ እጥረት የማይለካ በመሆኑ ለከተማው የሚሆን መለኪያ ሳይዘጋጅለት ዓመታት አልፈዋል።

በከተሞች መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ የዋጋ ድጎማ ነበር። ዘይትና ስኳር በሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለነዋሪዎች መከፋፈል የዚህ አካል ነው። ድጎማው ገንዘቡን ይዞ ለሚቀርብ ሁሉ እኩል የሚሰጥ በመሆኑ የነፍሰ ጡርን ወይም የሚያጠቡ እናቶችን የተለየ ፍላጎት አይመለከትም። ስኳርና ዘይትም ቢሆኑ የሕፃንን ገንፎ ሊያዳብሩ ቢችሉ እንጂ እንቁላልን፣ ወተትንና አትክልትን የሚተኩ አይደሉም።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት የመጣው ከገጠሩ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የዓለም ባንክ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. 300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲያፀድቅ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በ11 ከተሞች ከ600 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ተጠቃሚ ለማድረግ ታቅዶ ነበር። ከእነዚህ መካከል 84 በመቶ ያህሉ በማኅበረሰብ አቀፍ የልማት ሥራ፣ ቀሪዎቹ መሥራት የማይችሉ በመሆናቸው በቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ ነው የተወሰነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሥራ ዕድል ክፍልን ያካተተው ሁለተኛው ምዕራፍ በተጨማሪ 400 ሚሊዮን ዶላር ፀድቋል።

ፕሮጀክቱ ለብዙ ቤተሰቦች ያስገኘው ጥቅም አይካድም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በማለዳ የሚታየው የጽዳትና የአረንጓዴ ልማት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች እጅ የሚከናወን ሲሆን፣ ከክፍያቸው የተወሰነውን እንዲቆጥቡ መደረጉም አዲስ ልማድ ፈጥሯል። ሆኖም የተጠቃሚነት ዘመኑ ለሦስት ዓመታት የተወሰነ ሆኖ የሥራ ቀናቱ በየዓመቱ እንዲቀንሱ ተደርጎ የተነደፈ ነው። በሦስተኛው ዓመት ያረገዘች ተጠቃሚ ሕፃኗ ተጨማሪ ምግብ በሚጀምርበት ወቅት ከፕሮግራሙ ልትመረቅ ትችላለች። የምረቃው ቀን የሚቆጠረው ከምዝገባ ጀምሮ እንጂ ከወሊድ ጀምሮ አይደለም።

መታወቂያ የሌላት እናት

በመርካቶ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ክፍተት ግን ከዚህም በፊት ይጀምራል። የተጠቃሚዎች ምልመላ በወረዳ ደረጃ በማኅበረሰቡ ተሳትፎ የሚካሄድ ሲሆን፣ ለመመልመል በወረዳው ነዋሪነት መታወቅ ያስፈልጋል። የአውቶቡስ ተራ ቅርበትና የቀን ሥራ መገኘት ከየክልሉ የሚመጡ ወጣት ሴቶችን ወደ አካባቢው ይስባል። አብዛኞቹ የሚያድሩት በቀን ሒሳብ በሚከራዩ አልጋዎች፣ በደባልነት ወይም በላስቲክ መጠለያ ውስጥ ነው። የቤት ቁጥር የለም፤ ውል የለም፤ አከራዩም ለወረዳ ምስክር መሆን አይፈልግም። መሸኛ ለማምጣት ወደ ትውልድ ቀዬ መመለስ የትራንስፖርት ወጪና የቀናት ሥራ መፍታት ይጠይቃል።

በዚህ ምክንያት ከሁሉ በላይ ድጋፍ የሚያስፈልጋት እናት ለመመዝገብ የመጨረሻዋ ትሆናለች። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውን የእሳት ቃጠሎ የመሰለ አደጋ ሲያጋጥም የሱቅ ባለቤቱ ጉዳት በንግድ ፈቃዱ ይታወቃል፤ በሱቁ በር ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረችው ሴት ያጣችው ገቢ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ማንነትን ከቤት ቁጥር ለይቶ የሚያረጋግጥ በመሆኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለምልመላ ቢቀበሉት ይህን ቋጠሮ ለማላላት ይረዳል።

ከጤና ጣቢያ እስከ ትምህርት ቤት

በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን በየቤቱ እንዲሄዱ አድርጓል። በጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡሮች የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል፣ ሕፃናት ቫይታሚን ኤ ያገኛሉ፤ የሕፃናት ክብደትም ይመዘናል። ይህ ሁሉ ምርመራና መድኃኒት ነው። ምግብ የሚመጣው ሕፃኑ በጽኑ ከተጎዳ በኋላ ነው፤ የመሐል ክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ በተለምዶ «ፕላምፒ ናት» የሚባለው የሕክምና ምግብ ይታዘዝለታል። ልኬቱ ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያለው ሕፃን መካከለኛ ጉዳት የደረሰበት ተብሎ ይመዘገባል። ለእርሱ የሚታደለው ተጨማሪ ምግብ በአመዛኙ ቅድሚያ ለተሰጣቸው የድርቅ ወረዳዎች የሚላክ በመሆኑ የከተማው እናት የምታገኘው ምክር ነው።

ምክሩ ገንፎውን ከእህልና ጥራጥሬ ቀላቅላችሁ፣ እንቁላልና ቅጠላ ቅጠል ጨምራችሁ አብሉ የሚል ነው። እናቶቹ ይህን ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ ግሽበት ከ40 በመቶ በላይ በደረሰበት ወቅት ዕውቀቱ አልቀነሰም፤ የቀነሰው የመግዛት አቅም ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርና የእሁድ ገበያዎች የእንቁላልና የወተት አቅርቦትን ለማሳደግ የተጀመሩ ቢሆኑም፣ የቀን ገቢዋን ለቤት ኪራይና ለእንጀራ የምታካፍል እናት ከእነርሱ ለመግዛትም ገንዘብ ያስፈልጋታል። ማብሰያ ቦታ በሌለው ቤት ደግሞ ብዙዎች ከሆቴል የተረፈና «ቡሌ» በሚል ስም የሚሸጥ ምግብ ይገዛሉ። ለአዋቂ ሆድ መሙያ የሚሆነው ቡሌ ለስምንት ወር ሕፃን የተቅማጥ መንስኤ ሊሆን ይችላል።

ፋፋን እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ያዘጋጀው ይህ የዱቄት ምግብ ስሙን ያገኘው የልጅ መፋፋትን ከሚገልጸው ቃል ሲሆን፣ የታሰበውም ለድሃ ቤተሰብ ሕፃናት ነበር። ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ መፍትሔው በአገር ውስጥ አለ፤ ከጤና ጣቢያው ሚዛን ጋር የሚያገናኘው የወጪ ርዕስ ግን የለም።

የከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረው የተማሪዎች ምገባ ከቅድመ አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚገኙ ተማሪዎችን የሚያካትት ሲሆን፣ በአገሪቱ ከታዩት የከተማ ማኅበራዊ እርምጃዎች ሁሉ ውጤታማ ከሚባሉት አንዱ ነው። ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ልጅ ቁርስና ምሳ ይበላል፤ የሁለት ዓመት ታናሹ ግን ከእናቱ ጋር ጉሊት ላይ ይውላል። የአንድ ቤት ልጆች በዕድሜ ወሰን ተለያይተዋል።

የእናቲቱ የሥራ ሰዓትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ይህንኑ ይፈቅድ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖርም ይደነግግ ነበር። አሠሪ የሌላት ባለጉሊት ከሁለቱም አዋጆች ውጭ ናት። ገበያው ከንጋት በፊት ስለሚጀምር ከወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ተራዋ ካልተመለሰች ቦታው በሌላ ይያዛል። ጡት ብቻ የማጥባት ምክር በቤቷ ሳይሆን በዚህ ስሌት ይፈተናል።

የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያሳየው ክፍተቱ በዕድሜ ክልሉ ላይ በቀጥታ በማነጣጠር የሚሞላ መሆኑን ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረችው የተቀናጀ የሕፃናት ልማት አገልግሎት ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአጥቢዎች በመንደር ማዕከላት ምግብ ያቀርባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙከራ ደረጃ የፈቀደችው ፕሮግራም ለዝቅተኛ ገቢ እናቶችና እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በተመረጡ ምግቦች ላይ ብቻ የሚውል የመግዣ ሰነድ ይሰጣል። በዚያም ቢሆን ብቁ ከሆኑት መካከል ብዙዎች ሳይመዘገቡ ይቀራሉ። የተመረጡ ምግቦችን በሰነድ መግዛት ለመርካቶ እንግዳ አሠራር አይሆንም፤ የሸማቾች ማኅበራቱ ሱቆችና የመለያ ካርድ ልምዱ አስቀድሞ አለ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ያፀደቀው የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ የዜጎችን ሁሉ የሥርዓተ ምግብ ደኅንነት ማረጋገጥን ዓላማው አድርጓል። በወረዳ ደረጃ ግን የጤና ጽሕፈት ቤቱ የተጎዱ ሕፃናትን መዝገብ፣ የሴፍቲኔት ባለሙያው የተጠቃሚዎችን ዝርዝር፣ የሸማቾች ማኅበሩ የአባላቱን ካርድ ለየብቻ ይይዛሉ። ሦስቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢነፃፀሩ በጤና ጣቢያው ተመዝኖ በሌሎቹ ሁለቱ የማይገኝ ስም ያለው ሕፃን ማን እንደሆነ ለማወቅ አዲስ ጥናት አያስፈልግም።