የማይክሮስኮፕ ምስሎች ንጽጽር

በተለያየ ሌንስ ወይም ካሜራ የተነሱ የማይክሮስኮፕ ምስሎችን ለማነጻጸር ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ምስሉ ምን ያህል እንዳጎላና ምን ያህል ረቂቅ ነገር ለያይቶ እንዳሳየ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በወረታና በፎገራ ሜዳ ይህ ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ነው። አካባቢው ወባማ ነው። በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳ ደግሞ የካላዛር ወረርሽኝ በ1997 ዓ.ም ታወቀ፤ በሽታው ፎገራም ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ፣ ጣፊያም ያሳብጣሉ፤ በሽተኛውን በማየት ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው።

የወባ ተውሳክ የሚፈለገው ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስፋት ባለው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው። ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ በተወሰደ ናሙና የሚታየው የካላዛር ተውሳክ ግን ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በጂምሳ ቀለም ሲነከር ክብ ኒውክለሱና በአጠገቡ ያለችው በትር መሰል ኪኔቶፕላስት ጎልተው ይወጣሉ። ፕሌትሌት የሚባለው የደም ክፍልም በመጠን ይቀራረበዋል፤ የሚለያቸው ይህች ትንሽ በትር ናት። በባለ10 ሌንስ ከ1 ማይክሮሜትር በላይ ያልተራራቁ ነጥቦች ተዋህደው ስለሚታዩ ተውሳኩም ፕሌትሌቱም ወይን ጠጅ ነጥብ ከመሆን አያልፉም። በዘይት የሚሠራው ባለ100 ሌንስ ገደቡን ወደ 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ ያወርደዋል። ከዚህ ብዙም ዝቅ አይልም፤ ምክንያቱ ኤርንስት አበ በ1873 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው የብርሃን የሞገድ ርዝመት ነው። ስለዚህ በባለ10 ሌንስ የተነሳን ፎቶ በስልክ መለጠጥ ብዥታውን ያሰፋል እንጂ ኪኔቶፕላስት አያወጣም።

ከምስል ሥር «1000 እጥፍ» ብሎ መጻፍ፣ ፎቶው በሌላ መጠን እንደታተመ ወይም በስክሪን እንደታየ ትርጉም ያጣል። አብሮ የሚያድገውና የሚያንሰው በምስሉ ላይ የተሰመረው የልኬት መስመር ነው። መስመሩን ለማግኘት 1 ሚሊሜትር ለ100 የተከፈለበት የመለኪያ ስላይድ ፎቶ ይነሳል፤ 10 ማይክሮሜትር ስንት ፒክስል እንደሆነም ይቆጠራል። ይህ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለየብቻ ይደረጋል። ሁለት ምስሎች በዝርዝራቸው ሲመዘኑ ደግሞ የጠራው ወደ ደብዛዛው ደረጃ ይወርዳል፤ ደብዛዛውን ወደ ላይ ማውጣት አይቻልም።

በቆጠራም ጥንቃቄው ያው ነው። የካላዛር ተውሳክ ብዛት በባለ100 ሌንስ በተወሰኑ እይታዎች ውስጥ በሚገኘው ቁጥር ከ1+ እስከ 6+ ይመደባል። የዐይን ሌንሱ የእይታ ቁጥር 22 ከሆነ ግን የሚታየው ስፋት ቁጥሩ 18 ከሆነው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ያው ስላይድ በሁለት ማይክሮስኮፕ ሁለት ውጤት ሊሰጥ ስለሚችል፣ የሁለት ጤና ጣቢያዎች መዝገብ ሲነጻጸር የእይታ ቁጥሩ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።