ሰላምን በሁለት መንገድ የፈለገ ሰው፦ የያን አሞስ ኮሜኒየስ ታሪክ



በጦርነት ዘመን ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስትንበረከክ ከአንድ አፍ ሁለት ልመና ሊወጣ ይችላል። አንዱ «ጌታ ሆይ፣ ሰላም አውርድልን» ይላል። ሌላው በአፉ ሰላም እያለ በልቡ «የእኛ ወገን ያሸንፍልን» ይላል። ሁለቱ በአንድ ቅን አማኝ ልብ ውስጥ ለዓመታት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከሚያሳዩን ሰዎች አንዱን ዛሬ እናስታውሳለን። ፈላስፋና መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን የበላይ መጋቢ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓም ስለ ሰላም የጮኸ የእግዚአብሔር ሰው ነበረ፤ ስሙ ያን አሞስ ኮሜኒየስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስደተኛው እረኛ

ኮሜኒየስ በ1592 ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል በሆነችው በሞራቪያ ተወለደ። ቤተ ሰቡ «የወንድሞች ኅብረት» የተባለች ቤተ ክርስቲያን አባል ነበረ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ስለ እምነቱ በ1415 በእሳት ከተቃጠለው ከያን ሁስ እንቅስቃሴ የተገኘች ስትሆን፣ የተመሠረተችው በ1457 ነው፤ ማርቲን ሉተር ከመወለዱ 26 ዓመት በፊት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወንድሞች የጌታን የተራራ ስብከት እንደ ተነገረ ለመኖር ቆርጠው ሰይፍ ማንሣትን እምቢ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ልጁ ገና በ12 ዓመቱ አባትም እናትም አልነበረውም። የላቲን ትምህርት ቤት የገባው በ16 ዓመቱ ነው። ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ፣ ልጆች በዱላና በሽምደዳ ሲማሩ ማየቱ ኋላ ለሚሠራው ሥራ ትልቅ ትምህርት ሆነው። ከዚያም በጀርመን አገር በሄርቦርንና በሃይደልበርግ ሥነ መለኮትና ፍልስፍና ተማረ፤ በ1616 ለአገልግሎት ተሾመ፤ በ1618 ደግሞ ፉልኔክ በምትባል ከተማ መጋቢና መምህር ሆነ።

በዚያው ዓመት በፕራግ ከተማ የቦሄሚያ መኳንንት በሀብስቡርግ ነገሥታት ላይ ተነሡ። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የሚባለው እልቂትም ጀመረ። በ1620 በነጭ ተራራ በተደረገው ውጊያ የፕሮቴስታንቶቹ ጦር ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 27 መሪዎች በፕራግ አደባባይ በሞት ተቀጡ። ፉልኔክ ተዘረፈች፤ ኮሜኒየስም ሸሽቶ ተደበቀ። በ1622 ሚስቱና ሁለት ሕፃናት ልጆቹ በወረርሽኝ ሞቱ። መጻሕፍቱም ጥቂት ቆይቶ ተቃጠሉ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ በ1623 በቼክ ቋንቋ ስለ ዓለም ውጣ ውረድና ስለ ልብ ገነት የሚናገር መጽሐፍ ጻፈ። ታሪኩ ዓለምን እንደ አንድ ከተማ እየዞረ ስለሚጎበኝ መንገደኛ ነው። መንገደኛው ነጋዴውን፣ ምሁሩን፣ ወታደሩንና ካህኑን ሁሉ ያያል፤ የትም ዕረፍት ያጣል፤ በመጨረሻ ወደ ልቡ እንዲመለስ ሲጠራ ክርስቶስን በዚያ ያገኘዋል።

በ1628 የወንድሞች ኅብረት አማኞች እምነታቸውን ወይም አገራቸውን መተው ግድ ሆነባቸው። ኮሜኒየስ ከመንጋው ጋር ወደ ፖላንድ ሄዶ ሌሽኖ በምትባል ከተማ ተጠጋ። ከዚያ በኋላ የትውልድ አገሩን አፈር ለኑሮ አልረገጠም።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ልጅን ማስተማር

በስደት ያለ ሰው ምን ሊሠራ ይችላል? ኮሜኒየስ ልጆችን ማስተማር ያዘ። በ1631 ያሳተመው የላቲን ቋንቋ መማሪያ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ስሙን በአውሮፓ ሁሉ አሰማ። ወንዱም ሴቷም፣ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ መማር አለበት ብሎ አስተማረ፤ ምክንያቱም ሁሉም በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥረዋል። በ1658 የወጣው ሥዕላዊ መጽሐፉ 150 ያህል ርእሶችን እያንዳንዱን ከሥዕል ጋር ያስተምር ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ፊደልን ከሥዕል ጋር ሲያጠኑ ስናይ እርሱ ከጠረገው መንገድ ላይ እንዳሉ እናስብ።

ይህ ሁሉ ለእርሱ የሰላም ሥራ ነበረ። ሰዎች የሚጣሉት እያንዳንዱ የእውነትን ቁራጭ ይዞ ሙሉውን እንደ ያዘ ስለሚያስብ ነው ብሎ ያምን ነበር። እግዚአብሔር ለሰው ሦስት መጻሕፍት ሰጥቶታል፤ እነርሱም ፍጥረት፣ የሰው አእምሮና ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው። ሰው ሦስቱን አስማምቶ ማንበብ ቢማር ከወንድሙ ጋርም መስማማትን ይማራል። በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ስለ ሰው ልጆች ጉዳይ መታደስ በሰባት ክፍል ሰፊ መጽሐፍ ጀመረ። በውስጡም በመንግሥታት መካከል የሚነሣውን ጠብ የሚዳኝ ዓለም አቀፍ የሰላም ሸንጎ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። መጽሐፉን ሳይጨርሰው ሞተ፤ ጽሑፉም ጠፍቶ ኖሮ በ1930ዎቹ በጀርመን አገር ሃለ ከተማ ተገኘ፤ ሙሉው የታተመው በ1966 ነው።

ትምህርት ብቻውን የሰውን ልብ እንደማይለውጥ እናምናለን፤ ያለ ወንጌል የተማረ ሰው የተማረ ኃጢአተኛ ነው። ቢሆንም ሚስቱንና ልጆቹን ላጣ ስደተኛ በቀልን ትቶ የሌሎችን ልጆች ማስተማር የእምነት ፍሬ ካልሆነ ምን ሊባል ይችላል?

ሁለተኛው መንገድ፦ የንጉሡ ትንቢት

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል እንምጣ። ስለ እምነት አባቶች ስንጽፍ ድካማቸውን መዝለል ይቀናናል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የዳዊትንም የጴጥሮስንም ውድቀት አልዘለለም።

ስደቱ ሲረዝም በሕዝቡ መካከል ትንቢት የሚናገሩ ሰዎች ተነሡ። አንዱ ክሪስቶፍ ኮተር የተባለ ቆዳ ፋቂ ነበረ። ሁለተኛዋ ክርስቲና ፖኒያቶቭስካ የተባለች ወጣት ሴት ነበረች። ሦስተኛው ከኮሜኒየስ ጋር በልጅነት አብሮ የተማረው ሚኩላሽ ድራቢክ ነው። የትንቢታቸው ፍሬ ነገር ተመሳሳይ ነበረ፦ የሀብስቡርግ ቤት በቅርቡ ይወድቃል፣ ስደተኞቹም ወደ አገራቸው ይገባሉ። ነጻ የሚያወጡትም ገዢዎች በስም ይጠሩ ነበር።

ኮሜኒየስ አመነ። በ1626 የኮተርን ትንቢት ይዞ፣ ከቦሄሚያ ዙፋን ወደ ተባረረው ወደ ንጉሥ ፍሬድሪክ ድረስ ሄደ። ፍሬድሪክ በ1632 ዙፋኑን ሳያገኝ በስደት ሞተ። ድራቢክ ደግሞ ተስፋውን በራኮቺ መሳፍንት ቤት ላይ አደረገ፤ ተስፋ የተጣለበት ወጣቱ መስፍን ዚግሞንድ በ1652 ሞተ። አንዱ ሲቀር ሌላ ይተካ ነበር። ኮሜኒየስም ትንቢቶቹን ወደ ላቲን ተርጉሞ በ1657 አሳተማቸው።

ወገኖች፣ ይህን ሰው ለመፍረድ አንቸኩል። ያመነው ቁስሉ ስላመመው ነው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት በ1648 በዌስትፋልያ ስምምነት ሲያበቃ የቦሄሚያ ስደተኞች ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት በር አልተከፈተም። በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሚስቱን ቀበረ። በ1650 ቤተ ክርስቲያኑን እንደምትሞት እናት አድርጎ የኑዛዜ ጽሑፍ ጻፈላት። ልቡ እንዲህ የተሰበረ ሰው «በቅርብ ቀን ትመለሳለህ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ እንዴት ይመረምራል?

በ1655 የስዊድን ንጉሥ ካርል ጉስታቭ ፖላንድን ወረረ። ንጉሡ ፕሮቴስታንት ነበረ። ኮሜኒየስ የውዳሴ ጽሑፍ ጻፈለት፤ በውስጡም ለሕዝቡ ነጻነት እንዲሰጥና በልክ እንዲገዛ መከረው። ነገር ግን የተወረረችው ፖላንድ ስደተኞቹን ለ27 ዓመታት ያስጠጋች አገር ነበረች። በሚያዝያ 1656 የፖላንድ ወገን ተዋጊዎች ሌሽኖን አቃጠሏት። የ64 ዓመቱ ሽማግሌ ቤቱንና መጻሕፍቱን አጣ፤ ከ40 ዓመት በላይ የደከመበት የቼክና የላቲን መዝገበ ቃላትም በእሳት ጠፋ። መንጋው ዳግመኛ ተበተነ።

ይህን ስናነብ የኤርምያስን መጽሐፍ ምዕራፍ 28ንና 29ን እናስታውሳለን። ሐናንያ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል ብሎ ትንቢት ተናገረ፤ ሕዝቡ ሊሰማው የሚናፍቀውም ይህንኑ ነበረ። ኤርምያስ ራሱ እንዲህ ቢሆን አሜን ብሎ ነበር፤ ቀንበሩ ግን አልተሰበረም። ከዚያ በኋላ ወደ ስደተኞቹ በላከው ደብዳቤ የተሰደዱባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ፣ ስለ እርስዋም እንዲጸልዩ ነገራቸው፤ ሰላማቸው በእርስዋ ሰላም ውስጥ ነውና። ወዲያውም በመካከላቸው ያሉ ነቢያት እንዳያስቷቸው አስጠነቀቀ። ሁለቱ ትእዛዛት ጎን ለጎን የተጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ የሚገለበጥ ዙፋን እየጠበቀ የሚኖር ሰው ዛሬ የሚኖርባትን ከተማ ሰላም አይፈልግም።

እኛስ? በመድረካችን ላይ የአንዱ ወገን ድልና የሌላው ውድቀት በእግዚአብሔር ስም ሲነገር ቆመን ያጨበጨብንበት ቀን የለም ወይ? እኛ አገልጋዮችም ሳንመረምር አሜን ያልንባቸውን ጊዜያት እናውቃለን፤ ስለዚህም በጌታ ፊት ንስሐ ያስፈልገናል። ትንቢትን አንንቅም፤ ሐዋርያው እንዳንንቅ አዝዞናል፤ ሁሉን እንድንፈትንም በዚያው ቦታ አዝዞናል (1ተሰ. 5፥19-21)። ከመፈተኛዎቹም አንዱ ይህ ይሁን፦ የሰማሁት ቃል ለጠላቴ እንድጸልይ ያደርገኛል? ወይስ ውድቀቱን እየቆጠርሁ እንድጠብቅ?

የሰላም መልአክ

ከሌሽኖ ቃጠሎ በኋላ ኮሜኒየስ ወደ አምስተርዳም ሄደ። በዚያም ሳለ በ1665 እንግሊዝና ሆላንድ ስለ ባሕር ንግድ ጦርነት ገጠሙ። ሁለቱም ፕሮቴስታንት ነበሩ። ሆላንድ አስጠግታዋለች፤ እንግሊዝ ደግሞ በ1641 በክብር ጠርታው ወዳጆች ያፈራባት አገር ናት።

በ1667 የሁለቱ አገሮች መልእክተኞች ለድርድር ብሬዳ በምትባል ከተማ ተሰበሰቡ። የ75 ዓመቱ ሽማግሌ «የሰላም መልአክ» ብሎ የሰየመውን ጽሑፍ ላከላቸው። በረጅሙ ርእሱ ላይ እንደ ተመለከተው፣ መልእክቱ አስቀድሞ ለሁለቱም መልእክተኞች፣ ቀጥሎ ለአውሮፓ ክርስቲያኖች ሁሉ፣ ከዚያም ለዓለም ሕዝቦች ሁሉ ነው። ከጦርነት እንዲቆሙና ለአሕዛብ ሰላምን ሊናገር ለሚወድ ለሰላም አለቃ ለክርስቶስ ስፍራ እንዲለቁ ይለምናል። በዚህኛው ጽሑፉ ኮሜኒየስ ማንም እንዲያሸንፍ አይጠብቅም፤ ለሁለቱም ያንኑ አንድ እውነት ይናገራል።

ስምምነቱ በሐምሌ 31 ቀን 1667 ተፈረመ። ሰላሙን ያመጣው የእርሱ ጽሑፍ ነው አንልም፤ መንግሥታቱ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። የሚያስተራርቁ የእግዚአብሔር ልጆች እንደሚባሉ ጌታ ሲናገር ግን (ማቴ. 5፥9) የተሳካላቸውን ብቻ ለይቶ አልጠራም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1668፣ «አንዱ አስፈላጊ ነገር» የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ርእሱ ጌታ በማርታ ቤት ከተናገረው ቃል የተወሰደ ነው (ሉቃ. 10፥38-42)። በብዙ ነገር የደከመው ሽማግሌ ሕይወቱን መለስ ብሎ አየና ከክርስቶስ በቀር ዕረፍት እንደሌለው መሰከረ። ትንቢቶቹን በተመለከተ ፈጽሞ ተሳስቻለሁ አላለም፤ ነገሩን ለእግዚአብሔር ትቶ አለፈ። ታሪኩን ከዚህ በላይ ልናሳምርለት አይገባንም።

በኅዳር 15 ቀን 1670 በአምስተርዳም ዐረፈ፤ በናርደንም ተቀበረ። በዓመቱ ድራቢክ በሀብስቡርግ መንግሥት በሞት ተቀጣ።

የቀረው ምንድን ነው?

ስማቸው በትንቢት የተጠራው መሳፍንት አለፉ። ልጆችን ያስተማረባቸው መጻሕፍት ግን ትውልድን አስተማሩ፤ በቼክ አገር እስከ ዛሬ የመምህራን ቀን የሚከበረው በልደቱ ቀን ነው። ኑዛዜ የጻፈላት ቤተ ክርስቲያንም አልሞተችም። በ1722 ከሞራቪያ የሸሹ ጥቂት አማኞች በጀርመን አገር በሄርንሁት ሰፈሩ፤ ከዚያም ወንጌል ይዘው እስከ ዓለም ዳርቻ ወጡ። በ1735 ከመካከላቸው የመጀመሪያውን ጳጳስ የሾመው የኮሜኒየስ የልጅ ልጅ ዳንኤል ኤርንስት ያብሎንስኪ ነው። በ1752 ደግሞ ሆከር የተባለውን ሐኪም ወደ ካይሮ ላኩ፤ አሳባቸው ከዚያ ወደ እኛ አገር ወደ ኢትዮጵያ መዝለቅ ነበረ፤ ምንም እንኳ ባይደርሱ።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም፣ የክርስቲያኖችን ስሕተት አይታችሁ ከክርስቶስ አትራቁ። ኮሜኒየስ ተሳስቷል፤ የታመነበት ጌታ ግን አልተሳሳተም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ስለ ሰላም ስንጸልይ በስም የምንፈራውን ወይም የምንጠላውን ወገን እንጥራና የእርሱንም ልጆች በጌታ ፊት እናቅርብ። ከንፈራችን ቢከብደን ገና የመጀመሪያውን ጸሎት አልጀመርንም ማለት ነው፤ ጌታ ግን ያስተምረናል።

የሰላም አለቃ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ተባረኩ።