ዓይን፣ እጅና መሣሪያ

ሥዕል ስንመለከት የሠዓሊውን እጅ እናደንቃለን፤ እጁ የያዘውን መሣሪያ ግን ብዙም ልብ አንለውም። የሥዕልን ታሪክ ጠጋ ብሎ ለመረመረ ሰው መሣሪያው ዝም ብሎ የሚታዘዝ አገልጋይ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው የት ቆሞ እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያይ፣ አንዳንዴም ለምን እንደሚሥል በመወሰን ረገድ ድርሻ አለው። ላለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር «ሥዕል አበቃለት» የሚል ሥጋት አብሮት ሲመጣ ኖሯል። ሥጋቱ ምን ያህል እውነት ነበር? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1839 የሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ ፈጠራ በፓሪስ ይፋ ሆነ። በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሰው መልክ በብርሃን ኃይል ብቻ ተቀረጸ። የሰውን መልክ በትንንሽ ሰሌዳ ላይ እየሣሉ ይተዳደሩ የነበሩ ሠዓሊዎች እንጀራቸው ተነካ፤ አንዳንዶቹም ብሩሻቸውን አስቀምጠው ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1841፣ ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የቀለም መያዣ የሚሆን የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት የአውሮፓ ሠዓሊ የዘይት ቀለሙን የሚያስቀምጠው በአሳማ ፊኛ ቋጥሮ ነበር፤ ፊኛው አንዴ ከተቀደደ ቀለሙ ይደርቃል። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቀለማቸውን ከአፈር፣ ከማዕድንና ከዕፅዋት ራሳቸው ያዘጋጁ እንደነበር ይታወቃል። ቱቦው ሲመጣ ሠዓሊው ቀለሙን በከረጢት ይዞ ወደ ወንዙ ዳርና ወደ እርሻው መውጣት ቻለ። ከቤት ውጭ ያገኘው ደግሞ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ብርሃን ነበር።

በ1874 ክሎድ ሞኔን ጨምሮ ሠላሳ ያህል አርቲስቶች በፓሪስ የጋራ ዐውደ ርእይ ከፈቱ። ኋላ «ኢምፕሬሽኒስቶች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። ሥራዎቻቸውን የሰቀሉበት ቤት ቀድሞ የታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ የናዳር ስቱዲዮ ነበር። ሥዕልን ይገድላል የተባለው ሙያ ለአዲሱ ሥዕል መጠለያ ሆነው ማለት ነው። መልክን አስመስሎ የማስቀረቱን ሸክም ካሜራው ሲቀበል፣ ለሠዓሊው የቀረው ማየት ራሱ ነበር።

ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ናም ጁን ፓይክ አንድ የቡድሃ ሐውልት በቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ። ፓይክ በሴኡል የተወለደ ሲሆን፣ በ1963 በጀርመኗ ቩፐርታል ከተማ ምስላቸው የተዛባ ቴሌቪዥኖችን ለእይታ በማቅረብ ይታወቃል። በዚህ ሥራው ግን ምንም አላዛባም። ካሜራው ሐውልቱን ይቀርጻል፤ ቴሌቪዥኑ ያንኑ መልሶ ያሳያል። ቡድሃው ራሱን ሲያይ ይኖራል። ተመስጦ ነው ወይስ በራስ መልክ መማረክ? ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ካሜራና መስኮት በአንድነት ይዘን ስንዞር፣ ጥያቄው ከሐውልቱ ወደ እኛ ተሻግሯል።

ከኢትዮጵያውያን መካከል በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችውና በአሜሪካ ያደገችው ጁሊ ምሕረቱ የጦርነትና የአመፅ ዜና ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር እስኪደበዝዙ ድረስ ታደበዝዛቸዋለች፤ ከዚያም በላያቸው በእጇ ትሥላለች። ተመልካቹ ክስተቱን አይለየውም፤ ጥላው ግን ይሰማዋል።

በ1968 በአዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ኮምፒውተርን እንደ ብሩሽ አልተጠቀመበትም። ገላልጦ ሆዱን አወጣው እንጂ። ከመርካቶ የሚገዛቸውን የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች፣ የኪቦርድ ቁልፎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይለቅማል፤ ሽቦውን ይጎነጉናል፤ በእንጨት ላይም ያያይዘዋል። ከሩቅ ለሚያየው ሥራው ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ መሬት ወይም ጥልፍ ይመስላል። ሲጠጉት የሌላ አገር ቆሻሻ ነው። የቴክኖሎጂ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከፈጠራው ወገን ሆኖ ነው፤ ኤልያስ የጻፈው ከመጣያው ወገን ሆኖ ነው። ሌላው «አዲስ» ያለው ዕቃ ወደኛ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አርጅቶ መሆኑን የሚያስታውስ ሥራ ነው። ይኸው ሰው ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2019 በአዲስ አበባ የከፈተው የዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ መሠራቱም ከዚሁ ሐሳብ የራቀ አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያጽናና ነው። መሣሪያ በመጣ ቁጥር ሥዕል ሌላ መንገድ አገኘ። በ2022 ግን በአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት በተካሄደ ውድድር፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል በዲጂታል ጥበብ ዘርፍ አንደኛ ወጣ። መሣሪያው ምስል የሚሠራው ከቃላት ነው፤ ይህም እኛን የቃል ወዳጆችን ሊያስደስተን ይችል ነበር። ይሁን እንጂ የካሜራው ምንጭ ብርሃን ሲሆን፣ የዚህኛው ምንጭ ሰዎች የሠሯቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ናቸው። በ2023 መጀመሪያ በአሜሪካ የሚገኙ ሠዓሊዎች «ሥራዎቻችን ያለ ፈቃዳችን ተወሰዱ» ብለው ክስ መሠረቱ።

ስለዚህ «ሥዕል አይሞትም» የሚለው የቆየ መጽናኛ ብቻውን በቂ አይደለም። በ1839ም ሥዕል አልሞተም። እንጀራቸውን ያጡት ሠዓሊዎች ግን ነበሩ፤ ታሪክ የሞኔን ስም ሲያነሣ የእነርሱን አብዛኛውን ረስቷል። ስለ አዲሱ መሣሪያ ስንወያይ ስለ ሥዕል ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ስለ ሠዓሊውም ኑሮ መጠየቅ ይገባናል።