ከ350 አንዷ

ዶ/ር ኤሚ ሪድ የሰመመን ሕክምና ስፔሻሊስትና የስድስት ልጆች እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013፣ በ40 ዓመታቸው፣ ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ማዮማ ለሚባለው የማህፀን ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ማህፀናቸው የወጣው በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ ግን ማዮማ የተባለው ውስጥ ሌዮማዮሳርኮማ የሚባል ኃይለኛ ካንሰር ተደብቆ ተገኘ።

ትልቅ ማህፀን በትንሽ ቀዳዳ እንዲወጣ መቆራረጥ አለበት። ይህን የሚሠራው ሞርሰሌተር የሚባል ባለ ተሽከርካሪ ምላጭ መሣሪያ ነው። ሥጋው ሆድ ውስጥ ሲከተፍ ፍርፋሪው ይበተናል፤ ካንሰር ካለበት ካንሰሩም አብሮ ይዘራል። ከቀዶ በፊት ደግሞ ማዮማንና ሳርኮማን በእርግጠኝነት የሚለይ ምርመራ የለም።

መሣሪያው በአሜሪካ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ለብዙ ታካሚዎች የሚነገራቸው አደጋው ከ10,000 ሴቶች በአንዷ ላይ ብቻ እንደሚደርስ ነበር። ዶ/ር ሪድና የልብ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ባለቤታቸው ዶ/ር ሁማን ኑርቻሽም ግን ዝም አላሉም። በኤፕሪል 2014 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥናቶቹን መርምሮ ለማዮማ ቀዶ ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች አንዷ ያልተጠረጠረ ሳርኮማ እንዳለባት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን መሣሪያውን ከገበያ ሰበሰበ። ዶ/ር ሪድ በሜይ 2017 አረፉ።

እውነት ነው፣ ቁጥሩ ያከራክራል፤ ዝቅ የሚሉ ግምቶችም አሉ። ሆድ ተከፍቶ የሚደረግ ቀዶም የራሱ የደም መፍሰስና የኢንፌክሽን አደጋ አለው። ስለዚህ የታሪኩ ትምህርት «ላፓራስኮፒ ይቅር» አይደለም። ትምህርቱ ሃያ ዓመት ሙሉ «እምብዛም አያጋጥምም» የሚለው ቃል የቆጠራን ቦታ ይዞ መቆየቱ ነው። ቆጠራው የመጣው ታማሚዋ ስለጮኸች ነው።

እኛን ምን አገባን? ማዮማ ጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል። ላፓራስኮፒም በአዲስ አበባ እየተለመደ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር የሚደረስበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። ካንሰር ከተበተነ በኋላ ማከም በቦስተንም አልተቻለም፤ እዚህማ እንዴት ይሆናል?

የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2020 መሣሪያው የሚቆረጠውን ሥጋ በሚይዝ ከረጢት ውስጥ ብቻ እንዲሠራ መክሯል። ለቀዶ የምትዘጋጅ እህት፣ እናት ወይም ሚስት ያለው ሁሉ ሐኪሙን ይጠይቅ፦ ዕጢው የሚወጣው እንዴት ነው? ከተቆራረጠስ በከረጢት ውስጥ ነው? የወጣው ሁሉ ለፓቶሎጂ ይላካል? የወር አበባዋ ለቆመ ሴት ጥያቄው ይበልጥ ይጠብቃል፤ አደጋው በዕድሜ ይጨምራልና።

ሆስፒታሎቻችንም መዝገባቸውን ይክፈቱ። ያልተቆጠረ አደጋ ትንሽ ነው ሊባል አይችልም።