ላም አለኝ በሰማይ፦ የአየር መንገድ ቫውቸር አጭር ታሪክ

ኬንያ ማርች 25 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የመንገደኛ በረራ ስታቆም፣ የናይሮቢ–ዱባይ ደርሶ መልስ ትኬቴን ከቆረጥኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ዴይራ ሄጄ ላመጣ ያሰብኩት የልጆች ልብስ ቀረ። አየር መንገዱ ገንዘቤን አልመለሰም፤ የ410 ዶላር ቫውቸር በኢሜይል ላከልኝ። ኦገስት 1 በረራ ሲከፈት ትኬት ቢሮው «አየር መንገዱን ጠይቂ» አለኝ። አየር መንገዱ ደግሞ «ትኬቱን የቆረጠልሽን ቢሮ ጠይቂ» አለኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ 330 ዶላር በሚያወጣ ትኬት ተጠቀምኩበት፤ ቀሪው 80 ዶላር ተቃጠለ። ብዙዎቻችሁ ከዚህ የባሰ እንደደረሰባችሁ አውቃለሁ።

ይህ ወረቀት ግን ከየት መጣ? አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ1945 ሃቫና ላይ አያታ የተባለውን ማኅበራቸውን አቋቋሙ። በእሱም በኩል አንዱ የሌላውን ትኬት የሚቀበልበትን ሥርዓት ዘረጉ። በዚያ ሥርዓት ኤምሲኦ የሚባል ወረቀት ነበር። ለትርፍ ሻንጣ የተከፈለ ወይም ለወደፊት ጉዞ የተያዘ ገንዘብ ይጻፍበት ነበር፤ ስምምነት ካለም ሌላ አየር መንገድ ይቀበለው ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁን 2008 ጀምሮ የአያታ የወረቀት ትኬት በኤሌክትሮኒክ ተተካ፤ ኤምሲኦም ተከተለው። የዛሬው ቫውቸር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በሰጠው አየር መንገድ ብቻ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261 በረራ ከተሰረዘ ገንዘብ ይመለስ፣ ቫውቸር የሚሰጠው መንገደኛው በፊርማው ሲስማማ ብቻ ነው ይላል። በ2020 ሁሉም ነገር ሲቆም አያታ ሊመለስ የሚችለውን የትኬት ገንዘብ 35 ቢሊዮን ዶላር ገመተ። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ኤፕሪል 3 ቀን 2020 የተሰረዘ በረራ ገንዘብ መመለስ ግዴታ መሆኑን አስታወሰ። በ2022ም ስድስት አየር መንገዶች ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልሱ ማድረጉን አስታወቀ። ከናይሮቢ ዱባይ የምንበር ግን ከእነዚህ ሕጎች ጥላ ውጭ ነን።

በንግድ ዲፕሎማ ትምህርቴ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፦ አገልግሎት ሳይሰጡ የተቀበሉት ገንዘብ በመዝገብ ላይ ዕዳ ነው። ቫውቸሩ ጊዜው ሲያልፍ ግን ያ ዕዳ ገቢ ይሆናል። የኔ 80 ዶላርም የተጓዘው እንደዚሁ ነው።

እኛም በሱቃችን ዱቤ እንሰጣለን፤ ነገር ግን ሰውየውን እናውቀዋለን፣ ደብተሩም እኛ ጋ ነው። እቁብም ብንጥል ዳኛና ዋስ አለው። በቫውቸር ያለ ወለድ ያበደርነው እኛ ሆነን ሳለ፣ ደብተሩንም ቀነ ገደቡንም የያዘው ተበዳሪው ነው። የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ የጋራ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1977 ፈርሷል። አየር መንገድ ሲከስር ቫውቸር የያዘ ሰው መያዣ ካላቸው አበዳሪዎች ኋላ ነው የሚሰለፈው።

ስለዚህ እህት ወንድሞች፣ በረራችሁ ሲሰረዝ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ገንዘቡ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። ቫውቸር ብቻ ከሆነ የሚሰጣችሁ አራት ነገር አረጋግጡ፦ ለሌላ ሰው ይተላለፋል ወይ? ቀሪው ሂሳብ ይቀመጣል ወይ? ቀነ ገደቡ ትኬት ለመቁረጥ ነው ወይስ ለመብረር? ሳይሠራ ቢቀር በገንዘብ ይመለሳል ወይ? መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። አለበለዚያ ላሟ በሰማይ ናት፤ ወተቷን አናይም።