ሽቦን በቃል ማዘዝ፤ የሎጂክ ቺፖችን እንደ ማይክሮኮንትሮለር ለማሠራት የተደረገው ጥረት ታሪክ

ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተርና ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. ተብሎ የሚጠራው የሎጂክ ቺፕ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተበይደው ቢታዩ፣ ከውጭ ሲመለከቷቸው ልዩነታቸው እምብዛም አይታወቅም። ሁለቱም ጥቁርና ባለ ብዙ እግር ናቸው፤ ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ የሚሠሩት ሥራ ገና አልተወሰነም፤ ሁለቱም በገመድ የሚላክላቸውን ፋይል ተቀብለው የታዘዙትን ይፈጽማሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የሚቀበለው የትእዛዝ ዝርዝር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚቀበለው የራሱን የውስጥ አካል የሚወስን የሰርኪት ንድፍ ነው። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው በተለመደ የፕሮግራም ቋንቋ ለማዘዝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተደክሟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ድካም ታሪክ በአጭሩ መተረክና ለሙያው የተወውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ ቺፖች አመጣጥ

በገበያ ላይ ቀድሞ የታወቀው ማይክሮኮንትሮለር ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1974 ቲ.ኤም.ኤስ. 1000ን፣ ኢንቴል ደግሞ በ1980 8051ን ሲያቀርቡ፣ በየቺፑ ተበትነው የነበሩት ማስሊያው፣ ሜሞሪውና የመግቢያና የመውጫ በሮቹ በአንድ ቺፕ ላይ ተሰበሰቡ። አሠራሩም በመሠረቱ ግልጽ ነው። ትእዛዞችን ከሜሞሪ አንድ በአንድ እያነሣ በተራ ይፈጽማል። ፕሮግራም ጻፊውም ሐሳቡን እንደ ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል።

የሎጂክ ቺፖች ሐረግ ግን ከሌላ ቦታ ይመዘዛል። በ1960 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ፕሮፌሰር ጄራልድ ኤስትሪን ቋሚና ተለዋዋጭ ክፍል ያለው ኮምፒዩተር እንዲሠራ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ነገር ግን የጊዜው ኤሌክትሮኒክስ ለሐሳባቸው አልደረሰም። ሲግኔቲክስ በ1975፣ ሞኖሊቲክ ሜሞሪስ ደግሞ በ1978 ያወጧቸው ቺፖች በውስጣቸው ያሉት ቀጫጭን ፊውዞች እየተቃጠሉ የሎጂክ ቀመር የሚቀረጽባቸው ነበሩ። የሚይዙት ቀመር ግን ጥቂት ነበር፤ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ፊውዝም አይመለስም።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1984 ሮስ ፍሪማን፣ በርናርድ ቮንደርሽሚትና ጄምስ ባርኔት ዛይሊንክስ የተባለውን ኩባንያ ካቋቋሙ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ኤክስ.ሲ. 2064 የተባለው ቺፕ 64 የሎጂክ ክፍሎች ነበሩት። የእንደዚህ ያለው ክፍል እምብርት ትንሽ የመልስ ሰንጠረዥ ነው። አራት ግብዓቶች ያሉት ክፍል ሊገጥሙት የሚችሉት ሁኔታዎች 16 ስለሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ሁኔታ የሚሰጠው መልስ በ16 የሜሞሪ ነጥቦች ይጻፍለታል። ሰንጠረዡን መለወጥ ጌቱን መለወጥ ነው፤ በክፍሎቹ መካከል ያሉትን መገናኛዎች መክፈትና መዝጋትም ሽቦ እንደ መቀጠልና እንደ መቁረጥ ይቆጠራል። ለአንድ ጌት ይህን ያህል ትራንዚስተር ማዋል ብክነት ቢመስልም፣ ፍሪማን ትራንዚስተር ከዓመት ዓመት እየረከሰ እንደሚሄድ ተማምነው ነበር። እርሳቸው በ1989 ቢሞቱም ግምታቸው እውነት ሆነ፤ ያን ጊዜ 64 የነበሩት ክፍሎች ዛሬ በትላልቆቹ ቺፖች ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

የስም ጣጣ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህ ቺፕ ስም ግን ለማሳሳት የተመቸ ነው። ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. የሚለው አጠራር «በተተከለበት ቦታ ፕሮግራም የሚደረግ የጌት ድርድር» ማለት ነው። ቺፑ ኃይል በተሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ከውጭ ሜሞሪ ስለሚጭን፣ እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያነብ ይመስላል። የሚጫነው ግን ትእዛዝ ሳይሆን የሰንጠረዦቹና የመገናኛዎቹ አቀማመጥ ነው።

የሰርኪት መግለጫ ቋንቋዎች ሲስፋፉ ይህ መመሳሰል የባሰ ሆነ። በ1980ዎቹ ዓመታት መካከል የተፈጠረው ቬሪሎግ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አነሣሽነት ተዘጋጅቶ በ1987 የአይ.ኢ.ኢ.ኢ. ደረጃ የሆነው ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. ደግሞ አዳ የተባለውን በመልክ ይመስላሉ። ሲን የለመደ ሰው ገጹን ሲያይ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በገጹ ላይ ያሉት ክፍሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሕያው ናቸው። በማይክሮኮንትሮለር ላይ የሁለት የሜሞሪ ቦታዎችን ይዘት ለማለዋወጥ፣ ሁለት እንስራ ጠላና ጠጅ ለማገላበጥ ሦስተኛ እንስራ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ማቆያ ቦታ ያስፈልጋል። በሰርኪት ውስጥ ግን ሁለቱ ሽቦዎች ይጠላለፉና ሁለቱም ይዘቶች በአንዲት የሰዓት ምት ቦታ ይለዋወጣሉ። ማቆያ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

ሁለቱ መንገዶች

ይህን ክፍተት ለመዝጋት በሁለት መንገድ ተሞክሯል። የመጀመሪያው በሎጂክ ቺፑ ውስጥ ማይክሮኮንትሮለርን ራሱን መሥራት ነው። አልቴራ በ2000 ኒዮስ የተባለውን፣ ዛይሊንክስም ብዙ ሳይቆይ ማይክሮብሌዝ የተባለውን እንዲህ ያለ ማስሊያ አቀረቡ። ተጠቃሚው በሲ ጽፎ በኮምፓይለር ተርጉሞ ያሠራዋል፤ የጎደለውን የመውጫ በር ወይም ቆጣሪም እንደ ፍላጎቱ ይጨምርለታል። ነገር ግን ከሰንጠረዦች የተገነባ ማስሊያ በፋብሪካ በቀጥታ ከተሠራው ይዘገያል፤ ትእዛዙንም እንደ ማንኛውም ማስሊያ በተራ ይፈጽማልና የቺፑ ዋና ሀብት የሆነው የአንድ ጊዜ ሥራ በማስሊያው ዘንድ አይገኝም። በ2011 ይፋ የሆነው ዚንክ 7000 ሁለት የአርም ማስሊያዎችን በፋብሪካ ተሠርተው ከሎጂኩ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ እንዲኖሩ በማድረግ ፍጥነቱን መልሷል፤ ሎጂኩን ማን ይንደፈው የሚለውን ጥያቄ ግን አልመለሰም። በ2018 የወጣው አርዱይኖ ቪዶር 4000 የተባለ ሰሌዳም ይህንኑ ያሳያል። ተጠቃሚው እንደ ልማዱ ለማይክሮኮንትሮለሩ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ለሎጂክ ቺፑ የቀረቡለት ግን አስቀድመው በባለሙያ የተነደፉ ሰርኪቶች ነበሩ።

ሁለተኛው መንገድ ፕሮግራሙን ራሱን ወደ ሰርኪት መተርጎም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሪዝም የተባለው የምርምር ሥራ በሲ ከተጻፈ ፕሮግራም የተመረጡ ክፍሎችን ወደ ሎጂክ ቺፕ ለውጧል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኢያን ፔጅና ባልደረቦቻቸው ያሳደጉት ሃንደል ሲ ከሌሎቹ ይልቅ ሐቀኛ ቋንቋ ነበር ማለት ይቻላል። በሕጉ መሠረት ለተለዋዋጭ ዋጋ የሚሰጥ እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ የሰዓት ምት ይወስዳል፤ ጎን ለጎን መሠራት ያለበትም ሥራ በግልጽ ቃል ይነገራል። ከዚያ በኋላ ዛይሊንክስ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምርምር የበቀለውን አውቶ ኢ.ኤስ.ኤል. የተባለ ኩባንያ በ2011 ገዝቶ፣ በማግስቱ ዓመት ሲን ወደ ሰርኪት የሚለውጥ መሣሪያ ከቪቫዶ ጋር ለብዙኃኑ አቀረበ።

የስምንቱ ቁጥሮች ምሳሌ

ችግሩ የት ላይ እንዳለ በአንድ ቀላል ምሳሌ ለመረዳት ይቻላል። ስምንት ቁጥሮች ይደመሩ ቢባል፣ በሲ የሚጻፈው ሁለት ሦስት መስመር ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ አንዱን መደመሪያውን ሰባት ጊዜ ይጠቀምበታል። በሰርኪት ግን ሰባት መደመሪያዎች ተሠርተው አራቱ በመጀመሪያው ደረጃ፣ ሁለቱ በሁለተኛው፣ አንዱ በሦስተኛው ቢቀመጡ ሥራው በሦስት ደረጃ ያልቃል። ቦታ ለመቆጠብ ከተፈለገም አንድ መደመሪያ ብቻ ሠርቶ መደጋገም ይቻላል። ፕሮግራሙ ድምሩን እንጂ ከእነዚህ ሰርኪቶች የትኛው እንደተፈለገ አይናገርም። ስለዚህ ጻፊው «ይህ ዙር ይዘርጋ»፣ «ይህ በቅብብል ይሂድ» የሚሉ ማስታወሻዎችን በፕሮግራሙ ላይ መጨመር ይኖርበታል።

ችግሩ በዚህም አያበቃም። ስምንቱ ቁጥሮች በቺፑ ውስጥ ባለ አንድ የሜሞሪ ክፍል ቢቀመጡ፣ ያ ክፍል ሁለት በሮች ብቻ ስላሉት በአንድ የሰዓት ምት የሚነበቡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ስምንቱን ለማንበብ አራት ምት ያስፈልጋል። ሰባቱም መደመሪያዎች ተሠርተው ቁጥር እየጠበቁ ይቆማሉ ማለት ነው። መፍትሔው ቁጥሮቹን በአራት ሜሞሪ ማከፋፈል ሲሆን፣ ይህንን የሚያስበው የሜሞሪውን በሮች ቁጥር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጽሑፉ የሲ ቢሆንም አሳቡ የሰርኪት መሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል። ማይክሮሶፍት በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ የቢንግን የፍለጋ ውጤት ደረጃ ማውጫ በ1,632 ሰርቨሮች ላይ በሎጂክ ቺፖች በመርዳት፣ የምላሹ የጊዜ ገደብ ሳይለወጥ የእያንዳንዱን ሰርቨር የሥራ መጠን በ95 በመቶ ከፍ ማድረጉን ገልጿል፤ የዚያ ሥራ ዋና ሰርኪቶች በቬሪሎግ በእጅ የተጻፉ ነበሩ።

የተዘጋው በር

ከቋንቋው ሌላ እንቅፋት የሆነ ነገርም ነበር። የማይክሮኮንትሮለር የትእዛዝ ዝርዝር በመጽሐፍ ታትሞ ስለሚሰጥ፣ የፈለገ ሰው ኮምፓይለር ሊጽፍለት ይችላል። የሎጂክ ቺፖች የንድፍ ፋይል አጻጻፍ ግን በጥቅሉ የአምራቾቹ ምሥጢር ሆኖ በመኖሩ፣ ተጠቃሚው በአምራቹ መሣሪያ ላይ ጥገኛ ነበር። በ2015 አይስስቶርም የተባለው ሥራ የላቲስን አይ.ሲ.ኢ. 40 ቺፖች ምሥጢር ከውጭ መርምሮ ሲያወጣ፣ ከቬሪሎግ እስከ ቺፑ ድረስ ያለውን መንገድ በነፃ መሣሪያ መሄድ ተቻለ። ይህ በር መከፈቱ ለተማሪዎችና አቅማቸው ለተወሰነ ቤተ ሙከራዎች ያለው ጥቅም ከአዲስ ቋንቋ መፈጠር የሚያንስ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጥረቱ ከንቱ ነበር የሚል አይደለም። ለዘገምተኛና ለተለዋዋጭ ሥራ በቺፑ ውስጥ ማስሊያ መትከል ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ከሲ የሚነሣው ትርጉምም አካሄዱን በሚያውቅ መሐንዲስ እጅ የወራትን ሥራ ያሳጥራል። ነገር ግን ፕሮግራም ጻፊዎች ብዙ፣ የሰርኪት ነዳፊዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ መሣሪያው የነዳፊውን ዕውቀት ይተካል የሚል ተስፋ በየጊዜው ተሰጥቷል፤ ተስፋውም እስካሁን በሙሉ አልተፈጸመም። በተስፋው ላይ ተመሥርቶ ከሥልጠናው የሎጂክንና የሰዓት ምትን ትምህርት የሚቀንስ ተቋም፣ ተማሪዎቹን ፕሮግራሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰርኪቱ ለምን እንደዘገየ ሊያውቁ በማይችሉበት ሁኔታ ላይ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ከሰንጠረዡ፣ ከሽቦውና ከሰዓት ምቱ ቢጀምር፣ ቋንቋው ከዚያ በኋላ ለሚያውቀው ሰው የሥራ ማቅለያ ይሆናል።