ስለ አሮጌው ቴሌቪዥንና ስለ ተጓዳኝ መሣሪያዎቹ አጭር ታሪክ



ጀርባው ወፍራም የሆነ ቴሌቪዥን፣ አቧራ የለበሰ የቪዲዮ ዴክ፣ የዲሽ ሪሲቨርና የዲቪዲ ማጫወቻ ባንድ ቤት ተደርድረው ሳለ «ቴሌቪዥኑ አርጅቷል፤ ይህን ሁሉ አይችልም» ተብሎ ለቆራሌው ሲሸጥ ማየት የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ የመጣበትን ታሪክ ያወቀ ሰው ገመዱንም አይስተውም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን የሚጠበቅበት ሥራ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም በአንቴና የመጣውን ጥቁርና ነጭ ሥዕል መቀበል ነው። ስለዚህም የተበጀለት ቀዳዳ የአንቴናው ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው አዲስ ዓለማችንማ ያ አንቴና በረጅም እንጨት ላይ ካልተሰቀለ ምን ሥዕል አለ! በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ኢሠፓ በተመሠረተበትና የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን፣ ሥርጭቱ በቀለም መታየት ጀመረ።

የቪኤችኤስ ካሴት በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሰው ቤት ያለው ቴሌቪዥን የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ስለነበረው፣ ሠሪዎቹ በዴኩ ሆድ ውስጥ ትንሽ ማሠራጫ አኖሩ። አንቴናው ወደ ዴኩ ይገባል፤ ከዴኩ የሚወጣው ገመድ ደግሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። ቪዲዮውም እንደ አንድ ጣቢያ ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ በ36 ቁጥር ላይ ይገኛል። ሁለት መሣሪያ በዚሁ ዘዴ ከተቀጣጠለ የጣቢያ ቁጥራቸው መለያየት አለበት፤ አለዚያ ሁለት አስለቃሽ ባንድ ድንኳን እንደ መሆን ነው፤ የአንዳቸውም አይሰማም።

ቆይቶ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ መጣ። ቢጫው ለሥዕል፣ ነጩና ቀዩ ለግራና ለቀኝ ድምፅ ነው። ቴሌቪዥኑ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አንድ ረድፍ ብቻ ካለው፣ ባለ ቁልፍ መምረጫ ሳጥን ገዝቶ ሦስት አራት መሣሪያ ማገናኘትና የተፈለገውን መጫን ይቻላል። ጭራሹን ከሌለውም ዴኩ ድልድይ ይሆናል፤ ዲቪዲው ወደ ዴኩ መግቢያ ይሰካል፣ ዴኩ ኤቪ ላይ ይደረጋል፣ ወደ ቴሌቪዥኑ በአንቴናው መንገድ ይተላለፋል። በዚህ መንገድ አንዳንድ የውጭ ፊልም ሲበራና ሲጨልም ቢታይ መቅጃ መከልከያው ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው አዲስ ሪሲቨር ደግሞ ወደ ባለ ሦስቱ ቀለም የሚለውጥ ትንሽ ኮንቨርተር ያስፈልገዋል።

ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ሲንከባለል ወይም ቀለሙ ሲጠፋም ተበላሸ ብሎ መጣል አይገባም። የነሱ ሥዕል 525 መስመር፣ የኛ 625 መስመር ስለሆነ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ለጨዋታ አይደለም። በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ የሠርግ፣ የክርስትናና የተዝካር ካሴት አለ። በነዚያ ካሴቶች ውስጥ እኛው ተሸክመን የቀበርናቸው ሰዎች ይስቃሉ፣ ይመርቃሉ፣ እስክስታ ይወርዳሉ። ካሴት ደግሞ በእርጥበት ይሻግታል፣ በዕድሜ ይደበዝዛል። የመጨረሻው ዴክ ሠሪ የሚባለው የጃፓኑ ፉናይም እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። የተበላሸው ዴክ ተተኪ የለውም ማለት ነው።

ስለሆነም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚሠራ ዴክና አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው አባል ለቆራሌ ከመስጠቱ በፊት ለእድሩ ያሳውቅ፤ ካሴት ያለውም ያምጣና አብረን አይተን ወደ ፍላሽ እናስገልብጠው። እድር ሙታንን በክብር መሸኘት ነው ካልን፣ ፊታቸውንና ድምፃቸውን ለልጆቻቸው ማቆየትም ከዚያው ክብር የሚቆጠር ነው።